ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ሲቀር

ልጄ፣ ሴሊካ ገዛሁ ያልከኝ ጊዜ ያሰብኩትን አልነገርኩህም። ሆዱ ለመሬት የቀረበ፣ ባለ ሁለት በር፣ የኋላ ወንበሩ ከዘንቢል በቀር ምንም የማይችል መኪና ለፎገራ ሜዳ ምኑ ነው ብዬ ነበር። ግን ያምራል፤ አንተም ወጣት ነህ። አሁን ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ ዓለም በር ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል መኪናው አይሄድም፣ ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይር ዙሩ ሽቅብ ዘልሎ ነው የሚይዘው፣ ወደ ኋላ ስሄድም ይለግማል፣ ወረታ ያሳየኋቸው ሁሉ «ካምቢዮው ይውረድ» አሉኝ ብለህ ጽፈህልኛል። አታስወርደው። ቢያንስ ይህን ወረቀት አንብበህ እስክትጨርስ አታስወርደው።

1. «ይውረድ» ያለህ ሁሉ ገንዘብህን ሊበላ ፈልጎ አይደለም። የወረታ መካኒክ ትምህርት ቤቱ አይሱዙ ነው። ከተማዋ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት፤ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ከወልድያ የሚመጣው ጭነት ሁሉ በደጇ ያልፋል። ደረቅ ወደቡ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከባዱ መኪና በዝቷል። በዚያ መኪና ላይ ሞተር ጮኾ ጎማ ካልዞረ ነገሩ ያለቀለት ነው፦ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል። ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይቀየራል፣ ማታ ሹፌሩ መንገዱን ይቀጥላል። ለአይሱዙ ልክ ነው።

አንተ ዘንድ ግን በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም። ካምቢዮው ሆድ ውስጥ ብዙ ስስ ዲስኮች ዘይት ውስጥ ተነክረው በየክፍላቸው ተደርድረዋል፤ አንዱ ክፍል ለአንደኛ ማርሽ፣ ሌላው ለሦስተኛ፣ ሌላው ለኋላ ማርሽ ይሠራል። የሚያጣብቃቸው ሞላ ሳይሆን ፓምፕ የገፋው ዘይት ነው። ስለዚህ የሚያንሸራትተው ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው፦ ወይ የሚጨምቀው ዘይት ደክሟል፣ ወይ የሚጨመቀው ዲስክ አልቋል። ዘይቱን ያደከመው ነገር ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ሳይወርድ ይገኛል። ዲስኩ ካለቀ ግን ከማውረድ ማምለጫ የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው፤ ገንዘብ ከማይጠይቀው እየጀመርክ ሂድ።

2. የያዝከውን መኪና ዕወቀው። ሴሊካ የሚለው ስም የገነነው በራሊ ነው። ካርሎስ ሳይንዝ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1992 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሴሊካ ነው፤ ጎረቤታችን ኬንያ ላይም የሳፋሪን ራሊ ደጋግሞ ወስዷል። ያ ግን ቱርቦ ያለው፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ሌላ ፍጡር ነው። የአንተ ባለ 1.8 ሊትር 7ኤ-ኤፍኢ ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ነው፤ ኤ246ኢ የሚባለው ካምቢዮውም ከኮሮላው ኤ245ኢ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ይህን ስድብ አታድርገው። ኮሮላ በሞላበት አገር የኮሮላ ዘመድ መንዳት ዕድል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። እንግዲህ ያለውን ጠግኖ መንዳት ነው።

3. መንሸራተቱን አረጋግጥ። መንሸራተት ማለት የሞተሩ ዙር ሲወጣ ፍጥነቱ አብሮት አለመውጣቱ ነው። በጆሮህ አትፍረድ፤ ዙር ቆጣሪውን እይ። ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ከወረዱ ካምቢዮው አይደለም፤ ሞተሩ ነው የደከመው። ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ወይም የማይለቅ ፍሬን ፈልግ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 አካባቢ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይተዋል። ስለዚህ ዳገቱ ላይ መድከሙ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ከዚያ መቼ እንደሚያንሸራትት በደብተር ጻፍ። ጠዋት ብቻ አንሸራትቶ ሲሞቅ የሚሻለው የውስጥ ጎሚኒዎቹ ደርቀውበት ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚጀምረው ዘይቱ ቀጥኖ ወይም ፓምፑ ደክሞ ነው። ዳገት ላይና መታጠፊያ ላይ ብቻ ከሆነ ዘይት ጎድሎ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። በሁሉም ማርሽ ካንሸራተተ የግፊት ነገር ነው፤ በአንዱ ማርሽ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ክፍል ነው። መካኒክ ዘንድ ስትሄድ «ያንሸራትታል» ብቻ ካልከው ካምቢዮህን ያወርዳል። «ሲሞቅ፣ ከሁለት ወደ ሦስት፣ ነዳጅ ስረግጥ» ካልከው ያስባል።

4. ዘይቱን ለካ፤ አለካኩ ግን እንደ ሞተር ዘይት አይደለም። የሞተር ዘይት ሞተሩ ጠፍቶ ይለካል፤ የካምቢዮው ሞተሩ እየሠራና በደንብ ሞቆ ነው። ሐሙሲት ደርሰህ ተመለስ። ሜዳ ላይ አቁም፤ ለዚህስ ፎገራን የመሰለ ቦታ አገር ላይ የለም። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ፍሬን ረግጠህ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል፣ ከኤል እስከ ፒ በየቦታው ትንሽ እያቆየህ አዙረው። ከዚያ መለኪያውን ሳብ፣ ጥረግ፣ መልስ፣ እንደገና ሳብ። «ሆት» ከተባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል መቆም አለበት። ከጎደለ በጥቂት በጥቂቱ ሙላ፤ ግን ዘይት ዝም ብሎ አይጠፋም፣ የሄደበትን ፈልግ። የሰሚያሶቹን ፓራኦሊዮ፣ የኮፓውን ጓርኒሲዮን፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ቱቦዎች በእጅህ ዳስስ። ይጠቅመዋል ብለህ ከልክ በላይም አትሙላ፤ ዘይቱ ይገረፍና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ዲስክ አይጨምቅም።

ከመለኪያው አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጣልና ሻይህን እስክትጠጣ ተወው። ቀይ ሆኖ ሰፋ ብሎ ከተበተነ ጤነኛ ነው። ወደ ቡናማ ካደላ አርጅቷል። ጠርዙ ሲበተን መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ከቀረና ሽታው ያረረ ከሆነ ግን ያ ነጥብ ከዲስኩ የተላጠው ልባስ ነው፤ ቁጥር 10ን ቶሎ አንብብ።

5. ባለ ሱቁ «የካምቢዮ ዘይት» ብሎ ባለ 90 ቁጥሩን ካወጣልህ መልስለት፤ እሱ ለአይሱዙ ነው። የአንተ ዴክስሮን 2 ወይም 3 ነው። ሞተር ዘይት አይሆንም። ለቪትዝ የሚሸጠው የሲቪቲ ዘይትም፣ ውድ ስለሆነ ይሻላል ቢሉህ እንኳ፣ አይሆንም። ካምቢዮው ዲስኩን ነክሶ እንዲይዝም ሳያንገጫግጭ እንዲለቅም የሚያደርገው ዘይቱ ውስጥ ያለው ቅመም ነው፤ የየካምቢዮው ቅመም ይለያያል። መኪናውን የሸጠልህ ሰው ምን እንደሞላበት ካላወቀ፣ ዘይቱን ማስለወጥ ከመጠርጠር ይረክሳል።

6. ውኃ። ሐምሌና ነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ የሩዙ ማሳና የገጠሩ መንገድ አንድ ባሕር ሲሆኑ፣ አይሱዙው ሲያልፍ አይተህ አትከተል። እሱ የሚያልፍበት ውኃ ለአንተ ካምቢዮውን ይሸፍነዋል። ካምቢዮ አናቱ ላይ የሚተነፍስባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ሞቆ የመጣ ካምቢዮ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በሆዱ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በዚያች ቀዳዳም ውኃ ይስባል። የዘይት መለኪያው በደንብ ካልተከደነ በሱም ይገባል።

ውኃ የገባበት ዘይት ቀይነቱ ይጠፋና ወተት እንደ ፈሰሰበት ሮዝ ይሆናል። ጎርፍ ካልነካው ጥፋቱ ከራዲያተሩ ነው፤ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ማቀዝቀዣ እየዞረ ስለሆነ፣ ያ ሲበሳ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውኃው ላይ ዘይት መስፈፉን እይ። የዲስኩ ልባስ ከወረቀት ዘር የተሠራና በሙጫ የተያዘ ነው፤ ውኃ ሲያገኘው ያብጣል፣ ሙጫው ይለቃል። ስለዚህ «እስከ ባሕር ዳር ልድረስና» አትበል። ባለህበት ሞተሩን አጥፋ፣ አስጭን፣ ዘይቱን አስፈስስ፣ ንጹሕ ሙላ፣ ትንሽ አሠራውና መልሰህ አፍስስ፤ ሮዙ እስኪጠፋ ድረስ ድገመው። ራዲያተሩ የተበሳ ከሆነ ግን እሱ ሳይቀየር የምታፈስሰው ዘይት ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው።

7. ሙቀት። አውቶማቲክ ካምቢዮን ከምንም በላይ የሚገድለው ይህ ነው፤ የዘይቱ ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ወረታ ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ አመል አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዙ ታጭዶ መፈልፈያዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው ገለባውና ገለፈቱ አየር ላይ ነው። ራዲያተርህን ከፊት ስታየው ንጹሕ ይመስልሃል። ቆሻሻው ያለው በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል፣ ዓይን በማይደርስበት ነው። የላይኛውን ማሰሪያ ፈትተህ ራዲያተሩን ትንሽ ወደ ሞተሩ ገፋ አድርገውና በባትሪ ተመልከት፤ እዚያ ስር ገለፈቱ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ታገኘዋለህ። ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ፣ በቀስታ በሚወርድ ውኃ እጠበው፤ ላቫጆ ቤት በፓምፕ ካስመታኸው ክንፎቹ ይተኛሉ።

የራዲያተሩን ክዳን ናቅ አታድርገው። ውኃ ወረታ ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ፣ ደብረ ታቦር 91 አካባቢ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት ይዞ ካልጠበቀው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ይፈላብሃል፣ የካምቢዮው ዘይትም አብሮ ይጋያል። ዳገት ስትጀምር ደግሞ ማርሹ ዘንግ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫንና «ኦ/ዲ ኦፍ» አብራ። አለዚያ በሦስትና በአራት መካከል እየተመላለሰ ዘይቱን ያቃጥለዋል። ቁልቁለቱን ስትመለስም ቤንዚን ለመቆጠብ ፎሌ አታድርግ። ሹፌሮቹ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ሁለት ላይ አድርገህ ውረድ።

8. ገመዷን እያት። በዚህ ካምቢዮ ላይ እኔ የምወደው ቦታ ይህ ነው፤ ጊዜ የሚወስድ እንጂ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ኮፈኑን ክፈትና ነዳጅ ስትረግጥ የሚዞረውን የሞተሩን አየር መክፈቻ ተመልከት። ሁለት ገመዶች ይመጡበታል። አንደኛው ከእግርህ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ወርዶ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። ሥራው ምን ያህል ነዳጅ እንደረገጥክ ለካምቢዮው መንገር ነው፤ ብዙ ከረገጥክ ካምቢዮው የዘይቱን ግፊት ከፍ አድርጎ ዲስኮቹን አጥብቆ ይይዛል። ገመዱ ከላላ ካምቢዮው በቀስታ የምትነዳ ይመስለዋል፤ ማርሹን ቶሎ ይቀይራል፣ ዲስኩን ላላ አድርጎ ይይዛል። ሜዳው ላይ አይታወቅህም። ዓለም በር ላይ ግን ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ሲያወርድበት ያ የላላ ዲስክ ይሾልካል። እየሾለከ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይቃጠላል። በዳዶ የሚስተካከል ገመድ ዲስክ ይበላል ማለት ነው።

ገመዱ ላይ፣ ከጎማ መሸፈኛው ጫፍ አጠገብ፣ የተጨመቀች ትንሽ የብረት ጉብ አለች። በጎማው ጫፍና በጉቧ መካከል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። በአንዳንዱ ሞዴል ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ በሌላው ነዳጁ ተለቅቆ ገመዱ ሳይረግብ ይለካል፤ የአንተ የትኛው እንደሆነ ከጥገና መጽሐፉ አረጋግጥ። ካልተስተካከለ ሁለቱን ዳዶዎች አላልተህ የውጭውን ልባስ ወደፊት ወይ ወደኋላ አስኪደው፣ መልሰህ አጥብቅ። ግፊት አገኛለሁ ብለህ ከልክ በላይ አትወጥረው፤ ማርሹ ዘግይቶ በጡጫ ይገባል። ሞተር ያወረደ፣ ቴስታ የሠራ ሰው ይህችን ገመድ ፈትቶ እንደ ነገሩ መልሷት ሊሆን ይችላል፤ «ሞተር ከተሠራ ወዲህ ነው የጀመረው» የሚባል መንሸራተት ስትሰማ መጀመሪያ ወደዚች ሂድ።

9. «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትለው መብራት ሳትነካት ብልጭ ድርግም ካለች መኪናው ራሱ እየነገረህ ነው። ኮፈኑ ስር ባለችው የመመርመሪያ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝ፣ ቁልፉን አብራ፣ ሞተሩን አታስነሳ፣ ብልጭታውን ቁጠር። 62፣ 63 እና 64 ሶሌኖይዶቹ ናቸው፤ 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮቹ። ሶሌኖይድ ኮፓው ወርዶ ይቀየራል፤ ካምቢዮ አያስወርድም። አንዳንዴ ደግሞ ሶኬቱ ብቻ ነው፣ ጭቃ ገብቶበት።

10. ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ወይም ሶፍቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ካየህ፣ አሁን ማርሾቹን ተራ በተራ ጠይቃቸው። ከፊትህም ከኋላህም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ቀላሉ፦ ሚኒሞ ላይ ከኤን ወደ ዲ አስገባና እስኪይዝ ቁጠር፤ ከ1.2 ሴኮንድ ማለፍ የለበትም። ወደ አር ከ1.5 ሴኮንድ። ከዘገየ ግፊቱ ደካማ ነው ወይም ዲስኩ ሳስቷል።

ቀጥሎ አራቱንም ጎማ ታኮ አስደግፍ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ በግራ እግርህ ፍሬኑን አጥብቀህ ርገጥ፣ ዲ አስገባ፣ በቀኝህ ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጥና ዙሩ የት እንደቆመ አንብብ። ከ5 ሴኮንድ በላይ አትቆይ፤ በዚያች ቅጽበት የሞተሩ ኃይል ሁሉ ዘይቱን ማሞቂያ ነው። ልቀቅ፣ ኤን ላይ አብርደው፣ በአር ድገመው። መጽሐፉ 2,400 ይላል እንበል። ያ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ወረታ ላይ ሞተርህ ከጉልበቱ አምስተኛ እጅ የሚጠጋውን ትቶ ስለሚሠራ፣ ጤነኛ ካምቢዮ እዚህ 10 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ፣ 2,150 አካባቢ ቢቆም ልኩ ነው። 2,400 ካሳየህ «መጽሐፉ እንዳለው ነው» ብለህ አትርጋ፤ ለወረታ ከፍ ያለ ነው፣ የሆነ ነገር እየሾለከ ነው።

በዲም በአርም ከፍ ካለ ችግሩ የግፊት ነው፤ ከፓምፑ፣ ከፊልትሮው፣ ከገመዷ አይወጣም። በዲ ብቻ ከፍ ካለ በኤል ድገመው። ኤል ላይ ከያዘ የወደፊቱ ክላች፣ ማለትም የወደፊት ማርሾቹ የዲስክ ክፍል፣ ደህና ነው፤ የደከመው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞረው ክላች ነው፤ ኤል ላይ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ሌላ ፍሬን ስለሚደግፈው ነው የተሸሸገው። ኤል ላይም ካንሸራተተ የወደፊቱ ክላች አልቋል። በአር ብቻ ከፍ ካለ በኤል ትንሽ ቁልቁለት ውረድና ነዳጁን ልቀቅ፤ ሞተሩ መኪናውን ወደኋላ ከያዘው የኋላ ማርሹ ፍሬን ጤነኛ ነው፤ የቀረው ተጠርጣሪ ኋላ ማርሽንም ሦስተኛንም የሚይዘው ክላች ነው። ከሁለት ወደ ሦስት ይዘላል፣ ወደ ኋላም ይለግማል ብለሃል፤ እኔ ከዚህ ሆኜ የምጠረጥረው እሱን ነው። ግን ገመዷን ሳታይ አትፍረድበት።

11. ኮፓውን አውርድ። ካምቢዮው ሳይወርድ የሚታየው የመጨረሻው ምስክር እዚያ ነው። ጥግ ላይ ያሉት ማግኔቶች ግራጫ ስስ ጭቃ ከያዙ የዕድሜ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ስባሪ ከያዙ የተሰበረ ነገር አለ፤ ኮፓው ላይ ጥቁር ዝቃጭ ከተኛ ዲስኩ ነው። ፊልትሮውን እጠበው ወይ ቀይረው። ዘይቱ ሲፈስስ 3 ሊትር አካባቢ ብቻ ይወጣል፤ የቀረው በአብዛኛው ሞተሩንና ካምቢዮውን በሚያገናኘው ኮንቨርተር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ለውጠህ «ለወጥኩ» አትበል። «አሮጌ ዘይት ከተለወጠ ካምቢዮው ይሞታል» የሚሉህን አትስማ። ዘይቱ ሲለወጥ የሞተ ካምቢዮ ዱሮውንም ዲስኩ አልቆ በዝቃጩ ይነክስ የነበረ ነው።

12. ዲስኩ ካለቀ ይውረድ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ መድፍ ተሠርቶ ያውቃል፤ የካምቢዮ ዲስክ ግን ደብረ ታቦርም ሆነ ወረታ አይወጣም፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ታስመጣለህ። ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ አምጥቶ መግጠም ይቀልላል ይሉሃል። ሊቀልል ይችላል፤ ግን የማታውቀውን ሰው በሽታ በገንዘብህ ትገዛለህ። የሚሻለው የራስህን ማሠራት ነው፤ አውቶማቲክ ፈትቶ የሚያውቅ ሰው ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ፈልግ፣ ካገኘህም አጠገቡ ቁም። ሙሉ ካምቢዮ የምትገዛ ከሆነ የካምቢዮውን ኮድ ሳታመሳክር፣ መለኪያውን ሳታሸት፣ ኮፓውን ሳታስከፍት አትግዛ።

ስታሠራ እነዚህን ጠብቅ። አዲሶቹ ዲስኮች ከመገጠማቸው በፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ በራሱ በካምቢዮው ዘይት ይነከሩ። ጎሚኒዎቹ ሁሉ ይቀየሩ፤ ዲስክ ቀይሮ የደረቀ ጎሚኒ የመለሰ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ትንንሾቹን ሮንዴላዎች በቦታቸው ለማቆየት ግራሶ ሳይሆን ቫዝሊን ይቀባ፤ ቫዝሊን ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ግራሶ ግን ሄዶ ቫልቮቹን ይደፍናል። እጁን በሻሽ ወይም በአሮጌ ሸሚዝ የሚጠርግ ሰው ካየህ ወረቀት ስጠው፤ ከጨርቅ የሚነቀል ክር አንዲት ቫልቭ ለማነቅ ይበቃል። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት በየክላቹ የዘይት ቀዳዳ በኮምፕረሰር አየር ይሰጥ፤ ፒስተኑ «ጧ» ብሎ ሲይዝ በጆሮህ ትሰማዋለህ፣ ሹልክ የሚል ድምፅ ብቻ ከሰማህ ጎሚኒው ተጣሞ ገብቷል፤ ሌላ ጊዜ ካምቢዮ ከማውረድ አሁን መፍታት ይሻላል።

ከሁሉ የሚረሳው ማቀዝቀዣው ነው። የተቃጠለው ዲስክ ዱቄት ራዲያተሩ ውስጥ ባለው ማቀዝቀዣና በቱቦዎቹ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሳይታጠብ ከተገጠመ አዲሱ ካምቢዮ የመጀመሪያ ጉርሻው የአሮጌው ዝቃጭ ይሆናል። ኮንቨርተሩም ይታጠብ፣ ካልሆነ ይቀየር። ሲገጠምም ፓምፑ ጥርስ ላይ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቀመጡን በማስመሪያ ይለካ፤ ሳይቀመጥ በብሎን ከተሳበ ፓምፑ ይሰበራል፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል።

13. መንገድ ላይ ከቆመብህ በገመድ አታስጎትተው። የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቹ ሲዞሩ ውስጡ ያለ ዘይት ይዞራል። ወይ የፊቱ ይነሣ፣ ወይ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ለምነህ አስጭነው። ገፍቶ ማስነሳትም ለዚህ መኪና አይሠራም።

14. ከተሠራ በኋላ ዳገት አትቸኩል። መጀመሪያ ሜዳውን፣ እስከ ሐሙሲት፣ እስከ አዲስ ዘመን፣ ነዳጅ ሳትደፋ ንዳው። በየጉዞው መጨረሻ ዘይቱን ለካ፤ አዲስ የተገጠመ ካምቢዮ አየሩን እያወጣ ደረጃው ይወርዳል። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ኤሲውን አጥፍተህ፣ «ኦ/ዲ ኦፍ» አብርተህ ደብረ ታቦር ውጣ። 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ ኮፓውን አንድ ጊዜ አስወርድ። ማግኔቱ ላይ ግራጫው ስስ ጭቃ ብቻ ካለ አዲስ ዘይት ሙላና ዝጋው። ጥቁር ነገር ካየህ ኮፓውን ሳትጠርግ፣ እንዳለ፣ ለሠራው ሰው አሳየው።